የወንድሟ የፈንክሽን ደብተር

«አትንኪው አልኩሽ! አስቀምጪው ነው የምልሽ!»

«እማዬ፣ ፈተናው እኮ ነገ ነው።»

«ነገም ይሁን! ላጲሱን ስጪኝ።»

ልጅቷ ላጲሱን መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ስትሮጥ፣ ጭኗ ላይ የነበረው ጫፉ ያልተቀመቀመ ቀሚስ መሬት ወድቋል፤ ዞር ብላም አላየችው። ደብተሩ በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እናትየው ከላጲሱ የረገፈውን ብናኝ በጣቷ ጫፍ ሰብስባ መዳፏ ላይ አደረገችውና ከዚያ ወዴት እንደምታደርገው ጠፋት።

ደብተሩ የወንድሟ ነው። የዐሥር ዓመት የፈተና ወረቀት ከየሰዉ ለምኖ፣ በእናቱ መቀስ እየቆረጠ፣ ጥያቄዎቹን በዓመታቸው ሳይሆን በየርዕሳቸው ለይቶ ለጠፋቸው። ይኸኛው ደብተር ከሂሳቡ ፈንክሽን የሚባለው ርዕስ ብቻ ነው። ከየጥያቄው ሥር ቦታ ትቶ መልሱን በእርሳስ ሠርቶበታል። ያኔ እናቱ፣ ጨርቅ የምቆርጥበትን መቀስ በወረቀት አደነዝክብኝ ብላ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኻበት ነበር። ፈተናው ዐሥር ቀን ሲቀረው ታመመ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሁለት ዓመት አለፈው።

«በሌላ ወረቀት ላይ አትሠሪም?»

«ሞክሬያለሁ። መልሱ እዚያው ከሥሩ ነው ያለው፤ በእጄ ብሸፍነው እንኳ ዓይኔ ይሰርቃል። የገባኝ ይመስለኛል እንጂ አይገባኝም። አምና በምን ወደቅኩ? በዚሁ በፈንክሽን አይደል?»

«አምና የወደቅሽው በስልክሽ ነው።»

«እሺ፣ በስልኬ። ስልኬን ሸጥሽው፤ ዘንድሮስ በምን ልውደቅ?»

እናትየው ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከንፈሯን ነከሰች።

«ከነገ በኋላ ሌላ ዕድል አይሰጡኝም፣ እማዬ። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈትኑት።»

«ስንቱን አጠፋሽው?»

ልጅቷ ላጲሱን ኪሷ ከተተችው።

«ስንቱን ነው ያጠፋሽው አልኩ?»

«ጥቂት።»

ጥቂት አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ እናቷ ልብስ ልታደርስ በወጣች ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ እያጠፋች በዚያው ቦታ የራሷን መልስ ስትጽፍ ነው የከረመችው። መጀመሪያ ስሕተቶቹን ብቻ ነበር የነካችው። ጥያቄዎቹ በዓመታቸው ቢሆኑ ኖሮ ስሕተቱ እዚህም እዚያም ተበትኖ ማንም አያየውም ነበር፤ በርዕስ ሲሰለፉ ግን ያው አንዱ ስሕተት ከላይ እስከ ታች ተደረደረ። የሦስትም የነጌቲቭ ሦስትም ካሬ ዘጠኝ ነው። ከዘጠኝ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው መጀመሪያ ከየትኛው እንደተነሣ መናገር አለበት። ወንድሟ ያቺን አንዲት መሥመር ስምንት ቦታ ላይ ዘሏታል። «ስምንት ጊዜ! ምነው አንተ!» ብላ ብቻዋን ሥቃ፣ ወዲያው መልስ የሚሰጣት ያለ ይመስል ወደ ባዶው ወንበር ዞር ብላ ነበር።

እናትየው ተቀመጠች። ማንበብ ትችላለች፤ ሂሳቡን ግን አታውቀውም። መርፌ ባደነደነው ጣቷ እያንዳንዱን መሥመር እየተከተለች ገጾቹን ትገልጥ ጀመር።

«ይሄ አልተነካም» አለች። «ይሄም አለ። ተመስገን።» ሌላ ገለጠች። እዚያ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ውይ! ይቺንማ ዐውቃታለሁ።»

«የቷን?»

«ሲደክመው ቁጥሩ ይጋደምበታል፤ አየሽው? ሰባቱን ደግሞ እይው፤ ወገቡ ላይ ሰረዝ አድርጎ በቀበቶ ያስረዋል።» ድምፅዋ ቀጠነ። «አጠገቤ ሆኖ ነው የሠራት። እኔ እየሰፋሁ፣ እሱ እዚህ ጋ ሆኖ። የመኪናሽ ድምፅ ነው የሚያነቃኝ ይለኝ ነበር።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ገጹን የሠራችው እሷ ናት፤ ባለፈው ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ።

ልትናገር አፏን ከፈተች። የእናቷ ጣት ሰባቱ ላይ በቀስታ ይመላለሳል፤ የተኛ ሕፃን ቅንድብ የምታስተካክል ትመስላለች። ልጅቷ አፏን ዘጋች።

እንደገና አየች። ሰባትን በቀበቶ አስራ አታውቅም። እስከ አምና ድረስ የሷ ሰባት ባዶ ወገብ ነበር፤ የትምህርት ቤት ደብተሮቿ ይመሰክራሉ። መቼ ጀመራት? ማን አስያዛት? ከሰባቱ ሥር ስሌቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካሬ ሩቱ አለ፤ መልሱ እንደሱ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከየትኛው እንደተነሣች የምትናገርበት መሥመር ግን የለችም። ስምንት ጊዜ ስሕተቱን አርማ፣ በዘጠነኛው መሥመሯን ራሷ ዘላታለች።

ላጲሱን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው» አለች እናትየው። ቁጣዋ የት እንደገባ እንጃ፤ ድምፅዋ የልመና ነበር። «ፈተናሽም ነው፣ ይገባኛል። ይቺን ብቻ ተይልኝ።»

«አልነካትም።»

«ወንድሜን በይ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከሰባቱ ላይ አነሣች።

«ወንድሜን።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ያቺኑ ጥያቄ ውጭ ሆና እንደ አዲስ ልትሠራ ከመደርደሪያው ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት መዘዘች፤ ከእርሳሱ ይልቅ የማይጠፋውን እስክሪብቶ አነሣች። የወደቀውን ቀሚስ አቧራውን አራግፋ የስፌት መኪናው ላይ አኖረችው። ጫማዋን ደጃፉ ላይ ቆማ አጠለቀች፤ አንዱ ማሰሪያ አልገባ ብሎ አስቸገራት። «የት ልትሄጂ ነው?» ያላት የለም።

በሩን ገርበብ አድርጋ ግቢውን ስታቋርጥ፣ በመስኮቱ በኩል የገጽ መገለጥ ሰማች።

«ይሄም የሱ ነው» ትላለች እናቷ፤ ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው እንደምታሳይ ሁሉ። «ይሄም የሱ ነው።»