ስድስተኛው የከብት በር

እኛ ጋ፣ አውስትራሊያ በረሃ ላይ፣ መንገዱን የሚያቋርጠውን የከብት አጥር በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ነው። ባሌ ዳርሲ ይህንን መጫወቻ አደረገው። በሩን ዘግቼ እጄን ወደ መኪናው እጀታ ስዘረጋ አሥር ሜትር ያህል ነድቶ ይቆማል። ልጃችን ቴስ ከኋላ ሆና በሳቅ ትፈርሳለች።

"ምነው ውዴ፣ እግርሽን እንድታፍታቺ ብዬ እኮ ነው!"

አምስት በር፣ አምስት ጊዜ። ቀዩ አቧራ ጥርሴ ውስጥ ገብቷል። ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ደግሞ ገና ሩቅ ነው።

"አንድ ጊዜ ድገማትና ታያታለህ!" ብዬ ጮህኩበት።

ስድስተኛውን በር ከፈትኩ፤ መኪናው አለፈ፤ ሰንሰለቱን መልሼ ቆለፍኩ። ዞር ስል መኪናው ቆሟል። እየተጠጋሁም አልተንቀሳቀሰም። ይህ ደንቆሮ ገና አሁን ልብ ገዛ አልኩ።

ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ በተከፈተው መስኮት የሴት ቁጣ ሰማሁ።

"አምስቱ አይበቃህም? እስቲ ድገማትና!"

ድምፁ የኔ ነው። ወንበሬ ላይ ቀይ አቧራ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች።

"እሺ ውዴ፣ ይኸው ቆሜ ጠበቅኩሽ አይደል?" አላት ዳርሲ።

"ዳርሲ!" አልኩ። ዞር እንኳ አላለም።

መኪናው ተነሳ። ቴስ በኋላው መስኮት አየችኝ፤ አልሳቀችም።

"እማ፣ ያቺ ሴትዮ ማን ናት?"

"ወደ ኋላ አትዪ" አላት የኔው ድምፅ። "ዳርሲ፣ ንዳው!"

አሥር ሜትር ሄደ። አልቆመም።