ከእግር የሚቀነስ ፍጥነት

አዲሱ የትራፊክ ሕግ ሹፌርን በገንዘብ አይቀጣም፤ በመኪናው ያበዛውን ፍጥነት ከገዛ እግሩ ይቀንስበታል። የታክሲ ሹፌሩ ሽመክት፣ ከፊት የሚመጡት ሹፌሮች መብራት ብልጭ ስላላደረጉለት፣ «ትራፊክ የለም» ብሎ ነዳጅ ሰጠ። ዜብራው ላይ የጎረቤቱን ልጅ ማህደርን ለጥቂት ሳታት።

ይኸው ተይዞ ከተቀጣ ወዲህ፣ ከአልጋው ተነስቶ ገበታው ጋ እስኪደርስ ሽሮው ይቀዘቅዛል። ሚስቱ ትርንጎ ደጋግማ ታሞቅለታለች።

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ ብድግ ስትል፣ «ተይ፣ እኔው እከፍታለሁ» አላትና ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ይጎትት ጀመር።

«ማነው?»

«ማህደር ነኝ! እማዬ ወንፊት አውሱኝ ብላለች። ጋሼ፣ አይቸኩሉ፣ እጠብቃለሁ!»

ሽመክት እንባው ግጥም አለ።

«ተመስገን፣ እንኳን ተረፍሽልኝ!» አለ። «አንኳኪ ልጄ፣ እስክደርስ አታቋርጪ!»