የሳሎኑ ቴሌቪዥን

ጠርሙሱ ትራሱ በሚሉት ሰው ፊት ላይ እንደገና ተከሰከሰ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ትራሱ ፊቱን ይዞ በጀርባው ተዘረረ፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ትራሱ ደግሞ በተረፈችው አንድ ዓይኑ ራሱን ሲወድቅ አየ።

«መልሺው» አላት።

የፊልሙ ኤዲተር ምስሉን ወደ ኋላ መለሰችው። ትራሱ ያሉት ሥራው መውደቅ ስለሆነ ነው። ዋናው ተዋናይ ከፎቅ ሲወረወር የሚወረወረው እሱ፣ ዋናው ተዋናይ ሰው ሲደበድብም የሚደበደበው እሱ። ስንት ዓመት ሙሉ ያለ ጭረት ሲደበደብ ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት ቀን ጎደለበት። ከስኳር የተሠራ፣ ገና ሲነካ የሚረግፍ ጠርሙስ ይመታሃል ተብሎ የመታው እውነተኛ ጠርሙስ ሆነና ግራ ዓይኑን ይዞበት ሄደ። ጥፋቱ በፊልሙ ዕቃ አዘጋጅ ላይ ተላከከ። ትራሱም የዕቃ አዘጋጁን ቀኝ ክንድ ሰበረው።

ዛሬ ደግሞ ሰውዬው ወደ ሰፈር መመለሱን ሰምቶ ግራውን ሊደግምለት እየሄደ ነበር። በዚያው ሰላም ልበልሽ ብሎ ጎራ ሲል ነው ኤዲተሯ እጁን ይዛ «ተቀመጥ፤ መጀመሪያ ይሄን እይ» ያለችው።

እሷም ያየችው ትናንት ነው። በአሮጌው ሞኒተር ላይ ከትራሱ ጀርባ ያለው መስኮት ነጭ ብርሃን ብቻ ነበር። ኋላ ፊልሙ በኤችዲአር ይውጣ ተባለ፤ ደማቁም ጨለማውም ሳይዋጥ አብሮ የሚታይበት መሆኑ ነው። ለዚያ ተብሎ የተሠራው ሞኒተር ዋጋው የቤት ዋጋ ሆነባቸው። ስለዚህ ታላቅ ወንድሟ፣ የፊልሙ ዳይሬክተር፣ የራሱን ሳሎን ቴሌቪዥን ከግድግዳው አስነቅሎ አመጣላት። እሷም ሻጮች ዓይን ለማማለል የጫኑበትን ማሳመሪያ ሁሉ እያደነች አጠፋችው። የወንድሟ ሚስት መጥታ ስታየው «ኧረ ቴሌቪዥኔን ገደልሽብኝ!» ብላ ጮኻለች።

መስኮቱ ግን ተገለጠ። ነጩ ውስጥ ጠረጴዛ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ለመምቻ የተዘጋጀው የስኳሩ ጠርሙስ። ከዚያ ከምቱ ቀደም ብሎ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እሱን አነሳና በምትኩ የቢራ ጠርሙስ አስቀመጠ። ባርኔጣው፣ አፍንጫው፣ የትከሻው አጣጣል ሳይቀር ወንድሟ ነበር።

ትራሱ ምስሉን አስቆማት። «እሱ ነው?» አላት። «ሆስፒታል ከአልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያለቀሰው? እኔ እኮ ያንን ምስኪን ክንዱን...»

በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ በስልክ እየሳቀ ገባና መስኮቱ ውስጥ ከቆመው ከራሱ ጋር ተፋጠጠ። ክው አለ። ትራሱን አላየውም፤ እህቱን ነው ያየው።

«አንቺ! የእናቴ ልጅ ሆነሽ!» በጥፊ ሲላት ከነወንበሯ ተገለበጠች።

ትራሱ ተነሳ። የሰነዘረው ቡጢ ግን ከዳይሬክተሩ አፍንጫ ጣት ሲቀረው ቆመ፤ ዕድሜ ልኩን የኖረበት ልማድ ነውና። የዳይሬክተሩ አልቆመም። ዕውር በሆነበት በኩል ጆሮ ግንዱን አቀመሰው፤ ደገመው። ትራሱ ግድግዳው ላይ ተላግቶ ሲመለስ ዳይሬክተሩ የብረት ወንበር አንስቶ በኃይል ወረወረ። ለሰው ይወርውረው ለምስሉ አልታወቀም። ቴሌቪዥኑ ከመሃሉ ተሰነጠቀና መስታወቱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

ከዚያ በኋላ ልማድ የሚባል ነገር አልቀረም። ትራሱ በጭንቅላቱ ደረቱን ገጭቶ ጣለው፤ አንዴ አፉን፣ አንዴ አፍንጫውን መታው። ጥርስ ሲሰበር ኤዲተሯ ሰማችው። በጉልበቱ ተጭኖት ከወለሉ ረጅም ስባሪ ሲያነሳ የራሱ እጅ እየደማ ነበር።

«እውነት እንዲመስል ብዬ ነው!» አለ ዳይሬክተሩ ደም እየተፋ። «የስኳሩ ሲሰበር ድምፁ የብስኩት ነው! ትንሽ ቢጭርህ ብዬ እንጂ ዓይንህን... በእናቴ!»

«የቱን ልተውልህ?» አለው ትራሱ በዝግታ። «ምረጥ።»

ኤዲተሯ በዚያች ሰዓት ወንድሟን ጠልታዋለች። ስለ ዓይኑም፣ ስለ ክንዱም፣ ስለ ጥፊውም ጠልታዋለች። አንጀቷ ግን አልቻለም። በወለሉ ላይ እየዳኸች ደረሰችና የቱ እንደሚወጋ ስላላወቀች በሁለት መዳፎቿ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሸፈነቻቸው። ስባሪው ወርዶ በቀኝ እጇ ጀርባ ላይ ተሰካ።

ጩኸቷ ቤቱን ሞላው። እጇን ግን አላነቃነቀችም።

«አንሺ እጅሽን!»

«አላነሳም!»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያሳየሽኝ?»

«አሳየሁህ እንጂ አልሰጠሁህም!»

ትራሱ ስባሪውን እንደጨበጠ ቆየ። እሷ እሱን አየችው፤ ያችን አንዷን ዓይኑን። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ሲላቀቁ መስታወቱ እጇ ላይ እንደተተከለ ቀረ።

«አንሺልኝ» አለ ወንድሟ ከሥር፣ እንደ ሕፃን እየተነፋረቀ። «አይታየኝም እኮ፣ ምንም አይታየኝም።»

በመዳፎቿ ሥር ሽፋሽፍቶቹ፣ በቀኝም በግራም፣ ይርገበገቡ ነበር።