በዝናብ የመጡ ሽማግሌዎች

በሩ ሲንኳኳ ኤልያብ የሥራ ጫማውን እያሰረ ነበር። ከባሕረ ሰላጤው የተነሳው ማዕበል ከሰዓት በኋላ ቤድፎርድ ደርሶ፣ ዝናቡ መስኮቱን ጠጠር እንደሚወረውርበት ሰው ይደበድበዋል።

አክስቱ እትዬ አበዛሽ ቀድመውት ከፈቱ። ሁለት ፈረንጅ ወጣቶች ነጭ ሸሚዛቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ፣ ጃኬታቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ ከረባታቸው ውሃ እያንጠባጠበ ቆመዋል። አንዱ ረጅም ነው፣ ሌላው ፊቱ ጠቃጠቆ። ደረታቸው ላይ የስም ምልክት አለ።

«ምን ይላል?»

«ሰባኪዎች ናቸው፣ እትዬ። ቤት ለቤት የሚዞሩት። ‹ሽማግሌ› ይላል። ማዕረጋቸው ነው።»

«ጢም ያላበቀለ ሽማግሌ! እኔን ሊያጩ ከሆነ ጊዜው አልፏል በላቸው።»

ረጅሙ ልጅ ዝናቡ ጋብ እስኪል መጠለል ይችሉ እንደሆነ ጠየቀ። ኤልያብ መልሱን እያሰላሰለ ሳለ እትዬ አበዛሽ ልጆቹን እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። እርጥብ ጃኬታቸውን ራሳቸው ተቀብለው ሊያሰጡላቸው ሄዱ።

ኤልያብ በዲቪ ሎተሪ አሜሪካ ከመጣ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ኤርፖርት አጠገብ ባለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ገና መቀጠሩ ነው፤ አዲስ ሰው ከቀረ ይባረራል ተብሎ ተነግሮታል። ለማምሻው ፈረቃ መውጣት አለበት። ግን እትዬን ከማያውቃቸው ሁለት ጎረምሶች ጋር ጥሎ እንዴት ይወጣል? ደግሞ ምናልባት ሰዎቹ ቅን ናቸው፣ እሱ ነው ክፉ የሚያስብ። ምናልባት።

ለማንኛውም ብሎ ወደ እትዬ መኝታ ቤት ገባና የሠርግ ወርቃቸውን ከመሳቢያው አውጥቶ ፍራሽ ሥር ሸጎጠው። ቦታው ደህና መሆኑን ሁለቴ አረጋገጠ። ሲመለስ እትዬ ወጥ ቤት ውስጥ እጃቸውን ይታጠባሉ።

«ሽሮ ቶሎ ይደርሳል፣ እትዬ። በልተው ይሂዱ።»

«ሽሮ አልቋል። ምስር ጥጃለሁ።»

ቅዳሜ ሙሉ ላስቲክ ሽሮ ተሸክሞ ማምጣቱ ትዝ አለው። ወይስ ያለፈው ወር ነበር?

የሁሉም ስልክ ባንዴ ጮኸ፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው። እትዬ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ከበሩ አጠገብ የተሰቀለውን የባላቸውን የጋሼ መንገሻን ፎቶ በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉ። ጋሼ ታክሲያቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። ዝናብ በጣለበት ሌሊት ታክሲያቸው ውስጥ እንደሞቱ ኤልያብ ያውቃል፤ እንዴት እንደሆነ ግን እትዬ ነግረውት አያውቁም። እሱም ደፍሮ አልጠየቀም።

ልጆቹ ከበሉ በኋላ ዝናቡ ትንሽ ቀነሰ።

«ጥሩ ሰዓት ነው፣ ሂዱ» አላቸው ኤልያብ። «በየት በኩል ነው የምትሄዱት?»

«ወደ አዲሰን። በአውራ ጎዳናው ድልድይ ሥር እናቋርጣለን።»

«እኔም በዚያው ነኝ። እወጣለሁ አሁን።»

ልጆቹ ጃኬታቸውን ሊያመጡ ሄዱ፤ ግን ቆዩ። ኤልያብ ሲከተላቸው ረጅሙ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ ያስሳል። ሳሎን ተመለሰ፤ ጠቃጠቆው ተንበርክኮ እጁን ሶፋው ትራስ ሥር እስከ ክርኑ አስገብቷል።

«ምን ትፈልጋለህ?»

ልጁ ደንግጦ ቀላ። «የመኪናችን ቁልፍ… ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር።»

«ሶ፣ እዚህ ልታድሩ ነው?»

«ይቅርታ። አልፈለግንም፤ ማለት…»

ኤልያብ ዘዴው ገባው። ቁልፍ ጠፋ ይላሉ፣ ያድራሉ፣ ቤቱ ሲተኛ ይበረብራሉ። እሺ፣ ራሱ ያደርሳቸዋል። እግረ መንገዱን ሥራው ይደርሳል። ሁልጊዜ ቁልፉን ወደሚሰቅልበት፣ ከፎቶው ሥር ወዳለው ምስማር እጁን ዘረጋ።

ምስማሩ ባዶ ነበር።

ኪሶቹን ፈተሸ። ቦርሳውን ገለበጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ልጆቹ ዞረ።

«የኔስ?»

ሁለቱም ሳይጠየቁ ኪሳቸውን ወደ ውጭ ገለበጡ። መሐረብ፣ ትንሽ መጽሐፍ፣ ማስቲካ። ይህን ያህል ፈጥነው መገልበጣቸው ይበልጥ አስጠረጠረው።

«ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ፣ እትዬ።»

«በዚህ ዝናብ ፖሊስ ለቁልፍ ይመጣል? የሚሰምጥ ሰው እያለ? ተው ልጄ፣ የእግዜር እንግዶች ናቸው።»

«ሌቦች ናቸው!»

«ሌባ ቢሆኑ ምስሩን እንዲህ በመጠኑ ይበሉ ነበር?» አሉና ብርድ ልብስ ሊያወጡ ሄዱ።

ኤልያብ ሥራ ቦታው ደወለ፤ የሚያነሳ የለም። ሥራውን እንዳጣ ቆጠረው። ወንበሩን እትዬ መኝታ ቤት በር ላይ ደቅኖ ተቀመጠ። ዝናቡ እንደገና በረታ።

ሲነጋ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሰባኪዎቹ ምንጣፉ ላይ፣ ጫማቸውን ተንተርሰው እንደ ሕፃን ተኝተዋል። ስልኩ ላይ ከሥራ ባልደረባው ከስርጉት የድምፅ መልእክት ገብቷል፤ እትዬም እንዲሰሙት ከፍ አድርጎ ከፈተው።

«ኤልያብ፣ ደህና ነህ? እባክህ ደውል። ማታ ድልድዩ ሥር ውሃው መኪኖችን ከነሰዎቻቸው ዋጣቸው። ልክ ፈረቃችን ሲገባ ነው አሉ። ያንተ መንገድ በዚያ ስለሆነ… ዌርሃውሱ ተዘግቷል፣ ስለ ሥራው አታስብ። ብቻ ደውል።»

ኤልያብ ስልኩን እንደያዘ ቀረ።

እትዬ አበዛሽ የጋሼን ፎቶ ቀና ብለው አዩት፣ በመስኮት ውሃው የሸሸበትን መንገድ አዩት፤ ከዚያም አልቋል ያሉትን የሽሮ ጣሳ ከመደርደሪያው አውርደው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱና መጀመሪያ የልጆቹን፣ ቀጥሎ የእሱን ቁልፍ አወጡ።