ከካሜራው አጠገብ

የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር የሟች ባልደረባቸውን የሙት ዓመት መታሰቢያ የሚያስቀርጹት በባለሙያ ማይክ ነበር። ካሜራማኑ ማይኩን ኮታቸው ላይ እየሰካ፣

«ጌታዬ፣ የካሜራው የራሱ ማይክ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ድምፅ ሁሉ ይለቅማል። የዚህኛው ማይክ ገመድ ካሜራው ላይ ሲሰካ ግን እሱ ይዘጋል፤ የሚቀዳው የርስዎ ድምፅ ብቻ ነው» አላቸው።

«ይዘጋ! እዚህ ቤት ሐሜተኛው ብዙ ነው» ብለው ሳቁ።

የሟቹን ሚስት ለክብሯ ብለው ፊት ለፊት፣ ከካሜራው አጠገብ አስቀመጧት። ዓመቱን ሙሉ ሐዘኗን ማንም እንዳያይባት ጠብቃ ኖራለች። ዳይሬክተሩ «ወንድሜ ነበር!» እያሉ ዓይናቸውን በመሐረብ ሲያብሱ እንኳ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

በሳምንቱ ፊልሙን ለማየት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። እሷም ተጠርታ መጣች። ካሜራማኑ ለካ የማይኩን ገመድ የሰካው በካሜራው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ኖሯል፤ የካሜራው የራሱ ማይክ አልተዘጋም። ዳይሬክተሩ ስክሪኑ ላይ አፋቸውን ከፈቱ፤ የተሰማው ግን የሴት ሹክሹክታ ነው።

«ሰማኸው? ወንድሜ ነበር ይላል። ሆስፒታል ተኝተህ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ የጠየቀህ ይመስል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«አጥፋው! አጥፋው አንተ!» አሉ ዳይሬክተሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። ካሜራማኑ ሪሞቱን ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

«ክራባቱንስ አየህልኝ?» አለ ሹክሹክታው። ሳቁ ባሰ።

«ተወው በቃ፣ ቤታችን እንሂድ። ዛሬ እንኳ በሩን አንተ ክፈትልኝ።»

ካሜራማኑ ሪሞቱን ያገኘው ያኔ ነበር።