የፊደል ለቃሚው መሳቢያ

መሳቢያው ቀለለበት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሁለት እጁ ሲጎትተው የኖረው የማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ብረት ፊደል መሳቢያ ዛሬ በአንድ ጣት ተሳበለት። ፊደል ለቃሚው አጎንብሶ አየ። ከሁለት መቶ በላይ ትንንሽ ክፍሎች፣ ሁሉም ባዶ። የተረፈው ጥጉ ላይ ያለው የጠርዝ ማስጌጫና በቃላት መሐል የሚገባው፣ ቀለም የማይነካው መሙያ እርሳስ ብቻ ነው።

እንግዶቹ ከኋላው ቆመው ይጠብቃሉ። "ፊደል" የተባለው ይህ የዲዛይን ኤግዚቢሽን የተዘጋጀው የድሮውን ማተሚያ ቤት ለማደስ ገንዘብ እንዲሰበሰብበት ነው። መክፈቻው ደግሞ እሱ ነው፤ በእጁ ለቅሞ፣ በእግር በሚረገጠው ማሽን የምስጋና ወረቀት ሊያትም። ለዚህ ብሎ ሸሚዙን ሁለቴ አስተኩሷል።

"ፊደሎቹ የት አሉ?" አላት የእህቱን ልጅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዲዛይነሯ እሷ ናት። "ማተሚያ ቤቱ ዳግም ይነሣል፣ አንተም እንደገና ትለቅማለህ" እያለች ቁልፉን ሁለት ወር ሙሉ የለመነችው እሷ ናት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲሉት አልሰማም፤ ሰጣት።

"አላየኸውም እንዴ ጋሼ? ና፣ ና!" እጁን ይዛ ወደ አዳራሹ መሐል ወሰደችው።

ጠረጴዛ ነው። ፊደሎቹ ላዩ ላይ ጥቅጥቅ ብለው ተደርድረዋል፤ ትልቁ ከትንሹ፣ ግማሹ በፊቱ ተደፍቶ፣ ግማሹ በጎኑ ተኝቶ። እንደ መስታወት የጠራ ሙጫ ፈስሶባቸው ደርቋል። በጥፍሩ ሞከረው። ንቅንቅ አይልም።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም! አንድም አልባከነም። በሩ ሳይከፈት ነው የተሸጠው፤ የክብር እንግዳው ናቸው የገዙት።"

"እና ማተሚያ ቤቱ ሲታደስ በምን ሊታተምበት ነው?"

ፈገግታዋ ትንሽ ደብዘዝ አለ። "ያው... ሌላ ይሠራላ።"

"ማን ነው የሚሠራው? እርሳሱን አቅልጠው ፊደል ያወጡት ሰውዬ ከሞቱ ሃያ ዓመት አለፋቸው። የሚያፈሱበት ቅርጽም ያኔውኑ ለቁራጭ ብረት ተሸጠ። ይኼ የመጨረሻው ነበር፣ የመጨረሻው!"

"ጋሼ፣ እባክህ፣ ሰው እያየን ነው።"

ደሙ ፈላ። ይህችን ልጅ ሣጥን ላይ አቁሞ ፊደል ያስቆጠራት ከዚሁ መሳቢያ ነው። አንዲት ፊደል ወለል ላይ ብትወድቅ ሦስት ሰው ተንበርክኮ ሲፈልግ እያየች ነው ያደገችው። ባዕድ ቢያደርገው አላወቀም ብሎ ይተወው ነበር። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚሉትን ተረት እስከ ዛሬ ቀልድ ይመስለው ነበር።

መጮህ አማረው። ጠረጴዛውን መገልበጥ አማረው። ዞሮ ወደ ማሽኑ ሲመለስ እንግዶቹ ሥራው ሊጀመር ነው ብለው አጨበጨቡለት።

ፊደል የሚደረደርባትን አጭር የብረት መለቀሚያ በግራ እጁ ያዘ። ቀኝ እጁ ወደ መሳቢያው መመላለስ ጀመረ፤ የድሮ ፍጥነቱ አልጠፋም። መሙያውን እርሳስ መስመር በመስመር ደረደረ። ዙሪያውን በጠርዝ ማስጌጫው ከበበው። አሰረው፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አስተካከለው፣ ቀለም ቀባና ማሽኑን ረገጠ። እንዲህ ተናዶም አንድ መስመር አላጣመመም።

ምን እንደለቀመ የገባት የእህቱ ልጅ ብቻ ናት። ፊቷ አመድ መሰለ። "ጋሼ፣ በእናቴ፣ ተው። አታዋርደኝ።"

"ያዢ" አላት፣ ቀለሙ ያልደረቀውን ወረቀት እየዘረጋላት። "እኔ ያንቺን ሥራ አይቻለሁ። አሁን የኔን አንቺው ስጪልኝ።"

ወሰደችው። ጠረጴዛውን ለገዙት የክብር እንግዳ ሰጠች። ሰውዬው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጠርዙ ያማረ ነው፤ ውስጡ ነጭ። ገለበጡት። መልሰው ገለበጡት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና፣ ለማንበብ ወረቀቱን ወደ ፊታቸው ጠጋ አደረጉት።