አሥራ አምስቱ ወንበሮች

ዊንስሎና ኦርቪል ኮሌጅ ሳሉ የአንድ ምስጢራዊ ማኅበር አባላት አዲስ አባል እንዲሆን የመረጡትን ተማሪ ከኋላ መጥተው ትከሻውን መታ ያደርጉት ነበር። ዊንስሎን መታ አደረጉት፤ የዶርም ጓደኛውን ኦርቪልን አለፉት። ዊንስሎ የፌዴራል ዳኛ ሆነ። ኦርቪልን ግን ይኸው አርባ ዓመት ቅናት እንደ እግር እሳት ያንገበግበዋል።

ዛሬ ኦርቪል በዊንስሎ ቢሮ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ዊንስሎን ጨምሮ አሥራ አምስት የማኅበሩ አባላት በየወንበራቸው ሆነው የተነሡት ፎቶ አለ።

«ይቺን የዳኝነት ካባ ያለበሱህ እነሱ ናቸው እኮ» አለው ኦርቪል፤ ሆን ብሎም የማኅበሩን ስም ጠራ። በማኅበሩ ደንብ ስሙን ባዕድ ሰው ከጠራው አባል የሆነ ሁሉ ክፍሉን ለቅቆ መውጣት አለበት።

«ይሄ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀህም?» አለ ዊንስሎ። ተነሥቶ ወጣ፤ በሩንም ዘጋው።

ኦርቪል ፈገግ ብሎ ወደ ፎቶው ቀና አለ። ፎቶው ውስጥ ያሉት አሥራ አምስቱም ወንበሮች ባዶ ሆነዋል።

ከኋላው አንድ እጅ ትከሻውን መታ አደረገው።